በሽማግሌ የተሰጠ ሯጭ

ስናደድ እጮሃለሁ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ውስጥ «ጯሂዋ ደስታነሽ» እያሉ ቢያሙኝ አይገርመኝም። ባለፈው ነሐሴ ግን ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎኔ ውስጥ ቆመው የእኔን ልፋት ለሌላ ሰው ሲያሰጡ ትንፍሽ አላልኩም። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረው ይኸው ነው። እንግዲህ አሁን ልጩህ።

ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት ነው። አገር ቤት እያለሁ የእህል ናሙና ቆጠራ የሚያካሂድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ገበሬው ምን ዘራ፣ በምን ዓይነት መሬት ላይ ዘራ፣ ስንት ኩንታል አገኘ፤ ይህን እየደመርኩ፣ እያካፈልኩ ሠንጠረዥ አወጣ ነበር። ሪፖርቱ ሲታተም የሚፈርምበት አለቃዬ ነው። የእኔ ስም የመጨረሻው ገጽ ላይ እንኳ የለም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ሥራ ይዤ የመጣሁት አንድ እውቀት ነው፤ ዘር ብቻውን ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም። ጤፍ ውሃ የሚያቁረውን መረሬ አፈር ይችላል፣ ገብስ እዚያው ላይ ይበሰብሳል። መጀመሪያ የሚታየው መሬቱ ነው።

ዲቪ ደርሶን ሲያትል ስንገባ ልጃችን ኖላዊት ስድስት ዓመቷ ነበር። ከኤርፖርት የተቀበሉን ጋሽ ፊሊጶስ ናቸው። ቤዝመንታቸው ውስጥ ሦስት ወር አኖሩን፣ ባለቤቴን መሳፍንትን መኪና መንዳት አስተማሩት። ውለታቸውን አልክድም። ውለታ ግን እስከ ስንት ዓመት ነው የሚከፈለው? ይህን የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

እኔ ቤዝቦል የሚጫወቱበት ትልቁ ስቴዲየም ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ከመሃል ሜዳው አጥር ጀርባ የተጠበሰ ድንች የሚሸጥበት ቦታ አለ፤ አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ቆሜያለሁ። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል። የተመታችው ኳስ አጥሩን ከዘለለች ሆምራን ነው፣ ስቴዲየሙ ይናጋል። ሳትዘል ቀርታ አየር ላይ ከተቀለበች ግን መቺው በከንቱ ደከመ። ሚያዝያ ላይ ከባሕሩ የሚመጣው አየር ቀዝቃዛና ከባድ ነው። ኳሷ ስትመታ ሰው ቢራውን ይዞ ብድግ ይላል፣ «ሄደች! ሄደች!» ይላል። እኔ ድንቼ ላይ ጨው እነሰንሳለሁ። አትሄድም። አጥሩ አጠገብ ስትደርስ አቅሟ ያልቅና አንድ ሯጭ ከሥሯ ቆሞ ይቀልባታል። ሰውየው ግማሽ ቢራውን ጫማው ላይ አፍስሶ ቁጭ ይላል።

መሳፍንት ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ደግ ነው፣ አይዋሽም፣ አይጠጣም። ይሉኝታ ግን ገድሎታል። «እምቢ» የምትባል ቃል ለሰው አትወጣውም። ለሰው ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ኡርጌሳ የሚባል ጎረቤት ከተማ ቤልቪው የሚሠራ ኢንጂነር የኮምፒዩተር ቤዝቦል ሊግ አቋቋመ። አሥራ ሁለት ቡድን፣ አሥራ ሁለት ወንድ። ሹፌሮች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ አንድ ነርስ፣ ጡረተኛው ጋሽ ፊሊጶስ። ሁሉም ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ይሰበሰባሉ። ተጫዋቾቹ በእውን የሉም፤ ኮምፒዩተሩ የፈጠራቸው ስምና ቁጥር ናቸው። አንተ ሃያ አምስት ተጫዋች ትመርጣለህ፣ የቤትህን ሜዳ ትመርጣለህ፣ ማን እንደሚሰለፍ ትጽፋለህ። ኮምፒዩተሩ ያጫውትና ሁልጊዜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ውጤቱን ከነዝርዝሩ ይልካል። መሳፍንትን «ግባ» አሉት፣ ገባ። ስለ ቤዝቦል የሚያውቀው የእኔን የሥራ ቲሸርት ማጠብ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ሲዝን አሥራ ሁለተኛ ወጣ። ላፕቶፑን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ፣ እኔ ከፈትኩት። በስመ አብ! አሥራ ሁለቱም ወንዶች አጥሩ አፍንጫቸው ሥር ያለ ጠባብ ሜዳ መርጠው፣ ሆምራን የሚመታ ባለ ስም ሲሻሙ ነው የከረሙት። ሰው ሁሉ ገብስ ሲዘራ የገብስ ዘር ይወደዳል። እኔ በሊጉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ሜዳ፣ አጥሩ የትናየት የራቀውን፣ ማንም ያልፈለገውን መረጥኩ። ከጨዋታው ግማሹ በቤትህ ሜዳ ላይ ነው እኮ! ኳስ ወደ ላይ የሚያስመቱ ወርዋሪዎች ማንም አይፈልጋቸውም፣ በጠባብ ሜዳ ኳሷ አጥር ትዘልባቸዋለች። በእኔ ሜዳ ትቀለባለች። እነሱን ሰበሰብኩ። ከኋላቸው የሚሮጡ አቆምኩላቸው።

ከሯጮቹ አንደኛው ማርሎው ነበር። ከሦስት መቶ ስም ግርጌ ተጥሎ አገኘሁት። ሆምራን የለውም፣ ፍጥነቱ ግን አሥር ከአሥር። መሃል ሜዳ ላይ ሳቆመው ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወድቅ ኳስ ጠፋ። በሁለተኛው ሲዝን ሦስተኛ ወጣን። በቀጣዩ አንደኛ።

ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአሸናፊው ስም የሚቀረጽበት የእንጨት ሰሌዳ አለ። «መሳፍንት» ተብሎ ተቀረጸ። «መሳፍንት እኮ ጭንቅላት ነው!» አሉ፣ ተጨበጨበ፣ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ተቀምጬ አየሁ። ሦስተኛ በወጣን ጊዜ አንዴ፣ ሰሌዳው በተቀረጸ ማግስት ሌላ ጊዜ፣ «ቡድኗን በስሜ አድርጋት» ብዬ ለመንኩት።

«ወንዶቹ ምን ይሉኛል? ሚስቱ ናት የምትሠራለት ይሉኛል» አለ።

«እኔ አይደለሁ እንዴ የምሠራልህ?»

«ለሚቀጥለው ሲዝን እናያለን፣ ደስታ።»

ሁለት ጊዜ። በሁለቱም ጊዜ እናያለን። ዘንድሮም ቡድኗ በስሙ ሆና አንደኛ እየመራን ነሐሴ ደረሰ። ዘንድሮ ካሸነፍን ግን ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሁሉንም ልናገር፣ ስሜን ላስቀርጽ ለራሴ ምዬ ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው እሁድ በር ተንኳኳ። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ» አለ መሳፍንት።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

ኖላዊት ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ማን ሊጠይቃት ነው ብዬ ቀሚሴን ልቀይር ሮጥኩ። የእናት ነገር! ተመልሼ ስመጣ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ጀምረዋል።

«የላከን ጋሽ ፊሊጶስ ነው። በእናንተ መካከል ያለውን ዝምድና እናንተም እኛም እናውቃለን። ካላችሁ ላይ አንድ ነገር እንድትሰጡት፣ እሱም የእጁን እንዲሰጣችሁ ነው ልመናችን።» ከኪሳቸው ብጣሽ ወረቀት አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። «ማ… ማርሎው ይላል።»

ወይ ጉድ! ለኮምፒዩተር ተጫዋች ሽማግሌ! ለሌለ ሰው!

ሳቄ ሊመጣ ሲል የመሳፍንትን ፊት አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። አፌን ስከፍት ቀድሞኝ «ለጋሽ ፊሊጶስማ ምን እላለሁ? እሺ፣ ይሁን» አለ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። ሽማግሌዎቹ «ተባረክ፣ ቤትህን ይባርክ» እያሉ መረቁ። እኔም አሜን አልኩ። እኔ! በገዛ አፌ! ሽማግሌ ሲመርቅ አፍ ራሱ ነው አሜን የሚለው። ከዚያ ተቀመጡ፣ ምሳ አቀረብኩላቸው፣ አጎረስኳቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ተጫዋች መለዋወጥ የሚዘጋው የዚያኑ ዕለት ማታ ነበር፤ ቀኑንም ሰውየውንም አውቀው ነው የመጡት።

በምትኩ የሰጡን ዶብሰን የሚባል ነው። ሽማግሌዎቹ እንደወጡ መሳፍንት ስልኩን አሳየኝ። «ሠላሳ ስምንት ሆምራን አለው እኮ፣ ደስታ!»

«በማን ሜዳ?»

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው።

«በማን ሜዳ ነው የመታው አልኩህ! በጋሽ ፊሊጶስ ሜዳ ነዋ! በዚያች ጓሮ በምታክል ሜዳ! ያችኑ ኳስ እኛ ጋ ሲመታት ተቀልባ ትቀራለች። ደግሞ አይሮጥም፣ ፍጥነቱ ሁለት ነው፣ ሁለት! በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ምን ላደርገው ነው፣ ችካል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሽማግሌ ልከውብኝ!»

«እኔን መጠየቅ!»

ኖላዊት ቤልቪው ከምትኖርበት ለምሳ መጥታ ሁሉንም ሰምታለች። «ማሚ፣ ጀስት ቴል ዴም!» አለችኝ። ንገሪያቸው ማለቷ ነው። ለእሷ ቀላል ነው፤ ሽማግሌ ፊት ቆማ አታውቅም።

ሁለት ቀን ካበድኩ በኋላ ሥራዬን ያዝኩ። ማንም ካልወሰዳቸው ትርፍ ስሞች ውስጥ ኪምቦል የሚባል ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሯጭ አገኘሁ። መምታት አይችልም፣ እግሩ ግን ገና ነው። ዘዴዬ ቀላል ነበር። በሰፊው ሜዳችን ስንጫወት ዶብሰን ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ኪምቦል ይሮጣል። በሌሎች ጠባብ ሜዳ ስንጫወት ኪምቦል ይቀመጣል፣ ዶብሰን ይመታል። ሠራ! እያንገዳገደንም ቢሆን ፍጻሜ ደረስን። የገጠመንስ ማን ይመስላችኋል? ጋሽ ፊሊጶስ። ሰባት ጨዋታ፣ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያሸንፋል። ሦስት ለሦስት ሆንን። ሰባተኛው በእኛ ሜዳ ነው።

የዚያን ዕለት ሥራ ነበረኝ። ጠዋት ሰልፉን ጻፍኩ፣ ዶብሰንን ወንበር ላይ፣ ኪምቦልን ግራ ሜዳ። ከቤት ስወጣ መሳፍንትን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ሰልፏን አትንካት። በኖላዊት ሞት፣ አትንካት።»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አለ።

አንድ ሰዓት ላይ ስልኬን ከመደርደሪያው ሥር ከፈትኩ። መጀመሪያ ያየሁት ሰልፉን ነው። ግራ ሜዳ፣ ዶብሰን። ተሳስቼ መስሎኝ ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። ዶብሰን። ሁለት ለአንድ እየመራን ስምንተኛው ዙር ላይ «ረጅም ኳስ ወደ ግራ ሜዳ፣ ዶብሰን አልደረሰባትም፣ ሁለት ሰው ገባ» ይላል፤ ሁለት ነጥብ ነው፣ ሦስት ለሁለት ተመራን። እኔ የማውቀው ኪምቦል ቢሆን ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ዘጠነኛው ዙር፣ የመጨረሻ ዕድላችን፣ ሁለት ሰዎቻችን ለመግባት ተዘጋጅተው ቆመዋል። መቺው ዶብሰን። መታት! «በጣም ረጅም፣ ወደ መሃል ሜዳ» ይላል። በጋሽ ፊሊጶስ ሜዳ ቢሆን አጥሩን ዘልላ መንገድ ላይ በወደቀች። ቀጣዩን መስመር ከማንበቤ በፊት አውቄዋለሁ።

«ማርሎው ወደ አጥሩ ሮጠ። ቀለባት። ጨዋታው አለቀ።»

ልጄ ማርሎው! እኔ ከትቢያ ያነሳሁት፣ ለዚያች ሜዳ ብዬ የመረጥኩት፣ በገዛ ሜዳዬ ላይ! ድንቹ አረረ። አንዲት ፈረንጅ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። በአማርኛ መለስኩላት፤ ምን እንዳልኳት አልጽፈውም።

ቤት ስገባ መሳፍንት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ማነው የነካት?»

«ጋሼ ደወሉ» አለ። «ሽማግሌ ልኬ የሰጠሁህን ሰው በገዛ ቤትህ ወንበር ላይ ታስቀምጥብኛለህ? ቅር ብሎኛል አሉ። ለአንድ ቀን እንኳ ባሰልፈው… ምን ልበላቸው፣ ደስታ? ስጦታ ተቀብሎ መጣል ነውር አይደለም?»

አልጮህኩም። ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ጩኸቴን የለመደ ሰው ዝምታዬ ጨነቀው፣ ቤቱን ሁሉ ጠረገ፣ ያልቆሸሸ ሰሃን አጠበ። ኤዲያ! ሰሃን ምን ያደርግልኛል?

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ሰሌዳው ሊቀረጽ ተሰበሰብን። «ፊሊጶስ» ተብሎ ተቀረጸ። ጋሽ ፊሊጶስ ተነስተው ንግግር አደረጉ። «ማሸነፉ አይደለም ደስ ያለኝ» አሉ። «የመሳፍንት ጨዋነት ነው። ማርሎውን ሰጠኝ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ እኔን ለማክበር ብሎ ዶብሰንን አሰለፈ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት አለ?» ተጨበጨበ። መሳፍንት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ያቺ ጎንበስ ማለት ናት ያስነሳችኝ። ቆሜ ተገኘሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ሽማግሌ ይሁኑኝ።»

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሁነኝ ተብሎ በሰው ፊት የተለመነ ትልቅ ሰው እምቢ አይልም። ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«ምን ገጠመሽ፣ ልጄ? ከማን ጋር ተጣላሽ?»

«ከመሳፍንት ጋር።»

መሳፍንት ሹካውን አስቀመጠ።

«ምን ብዬ ልለምንልሽ?»

«ቡድኗን የሠራቻት ደስታነሽ ናት፣ ለባለቤቷ መልስላት ብለው።»

አንዳንዱ ሳቀ። ኡርጌሳ ግን አልሳቀም። «ዌይት፣ ቆዩ» አለ፣ «ቡድኑን ማኔጅ የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት?»

«ጠይቀኝ።»

«ኦኬ፣ ሶ… ያንን ሽማግሌ ሯጭ፣ ኪምቦልን፣ ለምን ፒክ አደረጉት? ማንም ያልፈለገውን?»

ነገርኩት። ስለ አጥሩ ነገርኩት፣ ስለ ወርዋሪዎቹ፣ ወንበሩ ላይ ስለማስቀምጠውና ስለማስነሳው። መረሬና ገብሱንም ጨመርኩበት። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወደ ጋሽ ፊሊጶስ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ማርሎው በእርስዎ ሜዳ ላይ ምን ሠራልዎት?»

አሰቡ። ሰውየው ውሸታም አይደሉም። «ምንም» አሉ ቀስ ብለው። «የሚሮጥበት ቦታ የለም።»

«የት ጠቀምዎት ታዲያ?»

«እናንተ ሜዳ ላይ።»

«ለዚያች ሜዳ ነዋ የመረጥኩት! እኔ!»

ጋሽ ፊሊጶስ ሰሌዳው ላይ ያለውን የገዛ ስማቸውን አዩት፣ ከሥሩ የመሳፍንትን አዩት። ከዚያ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ወንበራቸውን ገፍተው መሳፍንት ፊት ሄደው ቆሙ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«አረፍ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ» አለ መሳፍንት ብድግ ብሎ።

«ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም። ቡድኗን ለባለቤቷ መልስላት።»

«እሺ፣ ጋሼ። እሺ፣ ይሁን።»

አፍታ አልፈጀም። ኡርጌሳ እዚያው ላፕቶፑን ከፈተ፣ «መሳፍንት» የሚለውን አጠፋ፣ «ደስታነሽ» ብሎ ጻፈ። ጭብጨባው የቅድሙን ያህል አልነበረም፣ ግን ተጨበጨበ። ጋሽ ፊሊጶስ ወደ እኔ መጡ።

«ያሸነፍኩት አንቺን መሆኑን አላወቅኩም ነበር፣ ልጄ።»

«ቢያውቁ ሽማግሌዎቹን ወደ እኔ ይልኩ ነበር» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ እምቢ እል ነበር።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

መኪና ውስጥ ገብተን በሬኒየር ጎዳና ትንሽ እንደተጓዝን መሳፍንት ፊቱ በርቶ ነበር። የከረመበት ጭንቅ የለቀቀው መሰለው።

«ይኸው፣ ስምሽ ገባ። ደስ አለሽ?»

«አላለኝም።»

«እንዴ! ምን ቀረ?»

«ሁለት ጊዜ ለመንኩህ፣ መሳፍንት። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን። እናያለን አልከኝ። በኖላዊት ሞት ብዬ አስምዬህ ወጣሁ፣ አንድ ስልክ ተደወለልህና ረሳኸኝ። ጋሼ ግን አንዴ ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ እሺ አልካቸው። ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ተኝተን ተነስተን፣ ለእኔ እሺ ለማለት ሽማግሌ ያስፈልግሃል?»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል «እሺ» አለኝ።

«ምኑን ነው እሺ ያልከው?»

አላወቀውም።